ጥላሸት በጎማ ውስጥ ምን ይሠራል?

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሕግ፥ ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተጽፏል፤ ከሳይንስ ፋኩልቲ የሚመጣ ጽሑፍ ግን እንደ በጋ ዝናብ በስንት ጊዜ አንዴ የሚገኝ ነው። ከዚህም የተነሣ «የሳይንስ ተማሪ ቀመር እንጂ ነገር አያውቅም» የሚል ስም ወጥቶልናል። ይህን የምንጽፈው እኛ ሦስት ሰዎች የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስንሆን፥ ስሙን ጨርሰን ለማስለወጥ ባንችልም ጥቂት ለማቃለል አስበን ብዕር አንሥተናል።

ልናወራ ያሰብነው ስለ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ይኸውም በጎማ፥ በፕላስቲክና እነዚህን በመሳሰሉ ቁሶች ውስጥ ገብተው፥ ማንም ቦታቸውን ሳያሳያቸው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያሰልፉ ቅንጣቶች ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን በዚሁ ነገር ላይ ለማድረግ ከቈረጥን ወራት አልፈዋል። በእነዚህ ወራት ያነበብነውና በእጃችን የሞከርነው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይመልሰናል፤ እርሱም አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ሲገባ የሚያመጣው ለውጥ በብዛቱ ብቻ ሳይሆን ይበልጡን በአሰላለፉ የሚወሰን መሆኑ ነው። ያው አንድ ማንኪያ ጥላሸት አንድ ጊዜ ጎማውን ያጸናዋል፤ አንድ ጊዜ ያበላሸዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል። ልዩነቱ ጥላሸቱ የት የት ቆመ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እናፍታ። ፖሊመር የምንለው ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንድ በአንድ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ የጎማ፥ የናይሎን፥ የላስቲክ ከረጢት፥ የጥጥ ክር ባሕርይ ሁሉ ከዚህ ሰንሰለት ይመነጫል። ናኖሜትር ማለት ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ለ1,000,000 ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ናኖ ቅንጣት ሲባል መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርስ፥ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ብናኝ ማለት ነው። ይህ ብናኝ በፖሊመር ውስጥ ሲደባለቅ የሚወጣውን ቁስ ሊቃውንቱ ናኖኮምፖዚት ይሉታል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጭቃውን ብቻውን አይመርግም፤ የጤፍ ጭድ ጨምሮ፥ ረግጦ፥ ለቀናት አሳድሮ፥ ሲብላላ ነው የሚመርገው። ጭቃው ብቻውን ቢሆን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ግን ስንጥቁን ከወዲህና ከወዲያ ይዞ ያስቀረዋል። ይህ ኮምፖዚት ነው፤ ጭዱ ትልቅ ስለ ሆነ «ናኖ» አይባልም እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችንም ብራና ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር፤ የጥንት ግብፃውያንም ጥላሸትን ከግራር ሙጫ ጋራ በጥብጠው ይጽፉበት ነበር። ጥላሸት በውሃ ውስጥ ብቻውን ቢጨመር ይጓጉላል፤ ወደ ታችም ይዘቅጣል። ሙጫ ሲጨመርበት ግን የሙጫው ሰንሰለቶች በየቅንጣቱ ላይ ይለበጡና አንዱን ከሌላው ያርቁታል፤ ቀለሙም ሳይዘቅጥ ይቈያል። ይህን ቅንጣትን በሰንሰለት የማልበስ ዘዴ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጎማው እንሂድ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ከዛፍ ተደምቶ የሚገኘው ጥሬ ጎማ በሙቀት ይጣበቃል፤ በብርድ ይደርቃል። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድየር ጎማን ከድኝ ጋራ ቢያሞቀው ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ተቈላልፈው፥ ተለጥጦ የሚመለስና የማይቀልጥ ቁስ ወጣው። ነገር ግን ይህ ጎማ በመንገድ ላይ ሲፈተግ ቶሎ ያልቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎችም ጥቁር አልነበሩም፤ ነጣ ወይም ግራጫ ያሉ ነበሩ። በ1904 በለንደን፥ በሲልቨርታውን በነበረ የጎማ ፋብሪካ፥ ኤስ. ሲ. ሞት የተባለ ሰው ካርቦን ብላክ የሚባለውን የላመ ጥላሸት ከጎማ ጋራ ቢያደባልቀው ጎማው እጅግ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በመኪና ጎማ መሬት ረጋጭ ክፍል ውስጥ ለ100 እጅ ጎማ 50 እጅ ያህል እንዲህ ያለ ሙሊት መጨመር የተለመደ ነው። እንግዲህ የጎማ ጥቁረት ለውበት የተቀባ ቀለም አይደለም፤ የጥንካሬው ምንጭ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ካገኘን በኋላ፥ ጎማን ከእኛ ይልቅ በእጃቸው የሚያውቁ ሰው ፈልገን፥ መርካቶ በረባሶ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። «አባባ፥ ጥሩውን ጎማ በምን ይለዩታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ቢላዋቸውን በውሃ እያረጠቡ «ልጆቼ፥ እኔ መቼ እለየዋለሁ፤ ቢላዋው ይለየዋል» አሉን። ከዚያም መሬት የሚረግጠውን ክፍልና የጎኑን ክፍል እያፈራረቁ ቈርጠው አሳዩን። የመጀመሪያው ቢላዋውን ይገታዋል፤ ሁለተኛው ይለመጥለታል። እኛ በየክፍሉ የሚጨመረው ጥላሸት ዓይነቱም መጠኑም የተለያየ ነው ብለን ያነበብነውን እርሳቸው በክንዳቸው ድካም መዝነው ያውቁታል። በእግራቸው አጠገብ የተከመረውን ቁርጥራጭ ተመልክቶ ከእኛ አንዱ «ይህንንስ አቅልጠው እንደ ገና ቢሠሩበት?» ቢላቸው ሳቁና «ጎማ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም» አሉት። የጉድየር ግኝት በአራት ቃል ተጠቃለለ ማለት ነው። ክምሩ ግን ከዓይናችን አልጠፋም።

ለመሆኑ ጥላሸቱ ምን አድርጎ ነው ጎማውን የሚያጸናው? ለጎማ የሚሆነው የጥላሸት ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር ይሆናል። ቅንጣቶቹ ገና በእሳቱ ውስጥ ሳሉ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ወይን ዘለላ ይሆናሉ። እጅግ ጥቃቅን ከመሆናቸው የተነሣ የአንድ ግራም ጥላሸት ወለል ቢዘረጋ 100 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ አንድ ሰፊ የመማሪያ ክፍል ማለት ነው። በዚህ ወለል ላይ የተጣበቀው የጎማ ሰንሰለት እንደ ሌላው እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ደግሞም ዘለላዎቹ በመካከላቸው ስለሚሳሳቡ ዘለላ ከዘለላ እየተያያዘ በጎማው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ መረብ ይሠራል። ይህን መረብ የሠራው ሠራተኛ የለም። ፋብሪካው ያደባልቃል፤ መረቡን የሚሠራው ጥላሸቱ ራሱ ነው።

መረቡን በዓይን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እኛ በምንሠራበት ቤተ ሙከራ ደግሞ ይህ መሣሪያ የለም። ነገር ግን ጥላሸቱና ጎማው መያያዛቸውን ባናይም መላላቱን ማወቅ እንችላለን ብለን አሰብን። ስለዚህ ከአንድ ጎሚስታ የተቀደደ ካላማዳሪ ለምነን፥ በጣት ስፋት ቈርጠን፥ አንዱን ጫፍ ከበር ጉበን ላይ አንጠልጥለን፥ በሌላው ጫፍ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች አሰርንበት። አንድ አንድ ጠርሙስ እየጨመርን ርዝመቱን ጻፍን፤ ከዚያም ሁሉን አውርደን እንደ ገና ከአንድ ጀመርን። በሁለተኛው ዙር ላስቲኩ በዚያው ክብደት ከመጀመሪያው ይልቅ ረዘመ። በሦስተኛው ዙር ግን ከሁለተኛው እምብዛም አልተለየም። ጥላሸት የሌለበትን የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ በዚሁ ዓይነት ብንፈትነው ልዩነቱ እጅግ ያነሰ ሆነ። ይህ ነገር ስም አለው፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ባጠናው በእንግሊዛዊው በሌናርድ ሙሊንስ ስም «የሙሊንስ ውጤት» ይባላል። ከጥላሸት ጋራ የተደባለቀ ጎማ የደረሰበትን የመጀመሪያውን ትልቅ መለጠጥ ያስታውሳል ማለት ነው፤ ስለ ዝርዝር ምክንያቱም ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኛም በጠርሙስና በማስመሪያ ወደዚህ ክርክር በር ድረስ መድረሳችን ደስ አሰኝቶናል።

ሌላው እንግሊዛዊ ኤ. አር. ፔይን በ1960ዎቹ ያጠናው ነገር ደግሞ መረቡን በቀጥታ ይመለከታል። ጥላሸት ያለበት ጎማ እጅግ በትንሹ ሲነቀነቅ ጠንካራ ነው፤ ንቅናቄው ጥቂት ሲጨምር ይለሰልሳል፤ ቢያርፍ ደግሞ ጥንካሬው ይመለሳል። መረቡ ይፈርሳል፤ ተመልሶም ይሠራል። መኪና ሲሄድ ጎማው በዞረ ቍጥር ይህ መፍረስና መሠራት ይደጋገማል፤ በያንዳንዱም ጊዜ ጕልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ጕልበቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ነው። እንግዲህ ጎማውን ከመበላት የሚያድነው ያው መረብ ቤንዚኑን ይበላል። በ1992 ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከጥላሸቱ ብዙውን በሲሊካ የተካ ጎማ ለገበያ አወጣ። ሲሊካ የአሸዋ ዘመድ ነው፤ ወለሉ ውሃ ይወዳል እንጂ ጎማ አይወድም፤ ስለዚህ ብቻውን ቢተዉት ከጎማው ሸሽቶ ይጓጉላል። መፍትሔው በአንድ ጫፉ ሲሊካውን፥ በድኝ በኩል ባለው በሌላው ጫፉ ጎማውን የሚይዝ ሲሌን የተባለ አገናኝ ሞለኪውል ነበር። ቅንጣቱ ከጎማው ጋራ ሲታረቅ ከቅንጣት ጋራ የሚያደርገው መሳሳብ ይቀንሳል፤ መረቡም ይሳሳል፤ ጎማው በሚንከባለልበት ጊዜ የሚጠፋው ጕልበት በ20 በመቶ ያህል ዝቅ አለ። ቅንጣቱን ከመጨመር ይልቅ የቅንጣቱን ወዳጅነት መለወጥ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ክምር እንመለስ። ጎማ አይቀልጥም፤ ይህ ግን የሚለጠጥ ነገር ሁሉ ሕግ አይደለም። በ1965 ሼል የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያወጣው አንድ የላስቲክ ዓይነት አለ። ሰንሰለቱ ሦስት ክፍል አለው፤ መካከሉ ለስላሳ ጎማ ሲሆን ሁለቱ ጫፎች ፖሊስታይሪን፥ ማለት ብዙ ጊዜ ለሚጣል የፕላስቲክ ዕቃ የሚሆነው ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው። ጫፎቹና መካከሉ እንደ ዘይትና ውሃ አይዋደዱም፤ እንዳይለያዩ ደግሞ በአንድ ሰንሰለት ታስረዋል። ስለዚህ የብዙ ሰንሰለቶች ጫፎች ተፈላልገው ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር የሚያህሉ ደረቅ ኳሶች ይሆናሉ፤ ለስላሳው ጎማም በኳሶቹ መካከል ተወጥሮ ይቀራል። እዚህ ላይ ቅንጣቱን ከውጭ ያመጣው የለም፤ ከሰንሰለቱ ከራሱ ተወለደ። ኳሶቹ ድኝ የሚሠራውን የመቈላለፍ ሥራ ይሠራሉ። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደንብ ሲያልፍ ግን ኳሶቹ ይለሰልሳሉ፤ ቁሱ ይፈስሳል፤ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም ጫፎቹ እንደ ገና ተፈላልገው ኳስ ይሆናሉ። የጫማ ሶል ይሠራበታል፤ ከሬንጅ ጋራ ተደባልቆም መንገድ ይነጠፍበታል። ቁርጥራጩም እንደ ገና ቀልጦ ይሠራል። ሰው ዝምድናውን በሰንሰለቱ ውስጥ አስቀድሞ ጻፈ፤ የቀረውን ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ፈጸሙት።

ስለ አሰላለፍ ይህን ያህል ካልን፥ ብዛት ብቻውን ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ከመለሱት ውስጥ አንዱ አልበርት አይንስታይን ነው። በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጥቂት ጠጣር ኳሶች በፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ የፈሳሹ ዝልግልግነት በኳሶቹ ብዛት ልክ እንደሚጨምር አሰላ። ይሁን እንጂ በፓሪስ ከዣን ፔሬን ጋራ ይሠራ የነበረው ባንስለን ልኬቱን ቢያደርግ ውጤቱ ከቀመሩ ጋራ አልገጠመም። ጉዳዩ ለአይንስታይን ደረሰው፤ ስሌቱ እንደ ገና ቢመረመር የተሳሳተ ቦታ ተገኘ፤ በ1911ም ታርሞ ታተመ። የታረመው ቁጥር 2.5 ነው፤ ይኸውም ኳሶቹ የፈሳሹን ይዞታ 1 በመቶ ቢይዙ ዝልግልግነቱ 2.5 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የገረመን አይንስታይን መሳሳቱ አይደለም፤ ያረመው ነገር ፈሳሽ ምን ያህል በዝግታ እንደሚፈስስ በጥንቃቄ መለካት መሆኑ ነው።

በ2003 ደግሞ በአሜሪካ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በቀለጠ ፖሊስታይሪን ውስጥ ከራሱ ከፖሊስታይሪን የተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች ቢጨምሩ ዝልግልግነቱ ሊጨምር ሲገባው ቀነሰ። ጠጣር ተጨምሮ መፍሰስ ቀለለ። አይንስታይን ያሰበው ኳሱ ከፈሳሹ ሞለኪውል እጅግ የሚበልጥበትን ሁኔታ ነበር፤ እዚህ ግን ቅንጣቱ ራሱ ከሰንሰለቱ ጥቅል ጋራ የሚወዳደር፥ አንዳንድ ጊዜም የሚያንስ ነው። መጠኑ ወደ ናኖሜትር ሲወርድ የቀድሞው ሕግ አይሻርም፤ የሚሠራበት ግዛት ያልቃል እንጂ።

በ2009 ደግሞ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ሰናት ኩማርና ባልደረቦቻቸው፥ እኛ እስካሁን ካነበብነው ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀንን ውጤት አሳተሙ። 14 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸውን ክብ የሲሊካ ቅንጣቶች ወስደው በላያቸው ላይ የፖሊስታይሪን ሰንሰለቶችን እንደ ጠጕር ተከሉባቸው፤ ከዚያም በፖሊስታይሪን ውስጥ ደባለቋቸው። የቁም ጸሐፊው ቀለም ሐሳብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ጠጕሩ ሳሳ ያለና አጭር ሲሆን ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ክምር ሆኑ። ጠጕሩ ጥቅጥቅ ያለና ረጅም ሲሆን አንዱ ከሌላው ተለይቶ በየቦታው ተበተነ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ስፍራ ግን ቅንጣቶቹ አንዳንዴ እንደ ክር፥ አንዳንዴም እንደ ስስ አንሶላ ተሰለፉ። ቅንጣቱ በየትኛውም በኩል ክብ ነው፤ ወዲህ ሂድ ወዲያ ሂድ የሚለው ምልክት የለውም፤ ነገር ግን ክር ይሠራል። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ሲሊካ ከጎረቤቱ ጋራ መጣበቅን ሲሻ፥ የተተከለበት ጠጕር ደግሞ መራቅን ስለሚሻ ነው። ሁለቱም ፈቃድ በከፊል የሚፈጸመው ቅንጣቶቹ በአንድ ወገን ሲነካኩ፥ በሌላው ወገን ጠጕራቸውን ወደ ውጭ ሲያወጡ ነው። ቅንጣቶቹ ተያይዘው ከዳር እስከ ዳር የደረሱበት ቁስም፥ ቅንጣቶቹ ተበትነው ከቀሩበት ይልቅ በሙቀት ጊዜ ለመፍሰስ እንቢተኛ ይሆናል። የሲሊካው ሚዛን ግን ያው ነው።

መያያዝ የሚያመጣውን ለውጥ በየቀኑ ከምንገለገልበት ነገር ማየት ይቻላል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ጥላሸት ያስተላልፋል። ጥላሸቱን በፕላስቲኩ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ብንጨምር ለብዙ ጊዜ ምንም ለውጥ አይታይም፤ ከዚያ ድንገት ቅንጣቶቹ ከዳር እስከ ዳር ሲነካኩ መተላለፊያ መንገድ ይከፈታል። በኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኝ አንድ ዓይነት ፊውዝ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ጥላሸት የተሞላ ፖሊኤቲሊን ነው። ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ፕላስቲኩ ይሞቃል፤ ያብጣል፤ የጥላሸቱ መንገድ ይቈረጣል፤ ዕቃው ይድናል። ሲቀዘቅዝ መንገዱ ተመልሶ ይገጥማል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ፊውዝ ተቃጥሎ አይጣልም።

ሸክላ አፈርም ከዚህ ማኅበር ውጭ አይደለም። በጃፓን የቶዮታ የምርምር ማእከል ሰዎች በ1980ዎቹ አንድ ዓይነት ሸክላ አፈር ወስደው፥ 1 ናኖሜትር ውፍረት ያላቸውን ንብርብሮቹን በናይሎን ሰንሰለት ከፋፍለው ለያይዋቸው። ከ5 በመቶ በታች በሆነ ሸክላ የናይሎኑ ግትርነት ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ በክብደት ሥር ሳይጎብጥ የሚችለው ሙቀትም ከ65 ዲግሪ ተነሥቶ ከ140 አለፈ። ያው ሸክላ ሳይለያይ በክምሩ ቢገባ ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር።

አንድ የሕግ ተማሪ ወዳጃችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማን በኋላ እንዲህ አለን፦ «ወንድሞቼ፥ ሰው እንጀራ አጥቶ ሳለ እናንተ ጥላሸት ትቈጥራላችሁ። በዚያም ላይ የምትቈጥሩበት መሣሪያ የላችሁም።» ንግግሩ ሁለት ክስ አለበት፤ በሕግ አነጋገር ለየብቻ እንመልስ።

የመጀመሪያው ክስ እውነትነት አለው። የእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ዘንድሮ ማንንም አያበላም፤ ያበላል ብንልም የሚያምነን አይኖርም። ይሁን እንጂ በየጎሚስታው ደጅ የተከመረው አሮጌ ጎማ የሌላ አገር ሰው መጥቶ የሚያነሣልን አይደለም። ገሚሱ ይቃጠላል፤ ጢሱንም የሠፈሩ ሕፃናት ይተነፍሱታል። የማይቀልጠው ለምን እንደ ሆነ፥ ጥላሸቱ ከጎማው ጋራ እንዴት እንደ ተያያዘ፥ ቢፈጭ ከምን ጋራ ሊዋደድ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት በአንድ ሌሊት በግዥ አይገኝም። ጥቅሙ ቀርቦ ካልታየ አንማርም ያልን እንደ ሆነ፥ ጥቅሙ በቀረበ ቀን የሚያውቅ አይኖርም።

ሁለተኛው ክስ ያማል፤ ምክንያቱም በየቀኑ እንኖርበታለንና። መሣሪያ ስለሌለ ካለፉት ዓመታት ጽሑፎች ቀለል ያለውን መርጣችሁ አስመስላችሁ ሥሩ የሚል ምክር ተሰጥቶናል። ከሦስታችን አንዱ ደግሞ መሣሪያው ወዳለበት አገር ለመሄድ ማመልከቻ አስገብቷል፤ አንሰውረውም፤ አንወቅሰውምም። ማይክሮስኮፕ በምኞት አይተካም። ነገር ግን ባንስለን የአይንስታይንን ቀመር የፈተነው የፈሳሽን አፈሳሰስ በመለካት መሆኑን ካወቅን ወዲህ፥ «መሣሪያ የለንም» የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው በቀላሉ ከአፋችን አናወጣውም። የሌለንን ለይተን እንናገራለን፤ ባለን ደግሞ የሚመለሰውን ጥያቄ እንፈልጋለን። መለጠጥን በክብደትና በማስመሪያ፥ መተላለፍን በኦሞሜትር፥ አፈሳሰስን በቀጭን ቧንቧና በሰዓት መለካት ይቻላል። ሦስቱም ስለማናየው አሰላለፍ ይመሰክራሉ። ምስክር ባየው ብቻ ሳይሆን በተገቢው ጥያቄም እንደሚፈተን የሕጉ ወዳጃችን ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

በመጨረሻ ስለ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ስለ ቅንጣቶች ማኅበር ሲወራ የተማሪ አእምሮ ወዲያው ወደ ሰው ማኅበር ይሮጣል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውም ተረት ወዲያው ይመጣል። ቅንጣት ፈቃድ የለውም፤ ሰው አለው፤ ስለዚህ ምሳሌውን ከልኩ አናሳልፈው። ነገር ግን ተረቱን ራሱን ረጋ ብለን ብናደምጠው አበው ያሉት «ድር» ነው እንጂ «ክምር» አይደለም። አንድ እንቅብ የተጓጐለ ፈትል አንበሳ ቀርቶ ፍየል አያስርም። በአንድ ስፍራ መብዛትና መያያዝ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን አበው ያለ ማይክሮስኮፕ አውቀውታል።

የቀረን ልመና ብቻ ነው። ፈተናችንን ለመቀጠል ልዩ ልዩ ዓይነት ላስቲክ ያስፈልገናል። የተቀደደ ካላማዳሪ፥ የተበጠሰ የበረባሶ ማሰሪያ፥ ያለቀ የጫማ ሶል ያለው አንባቢ ከመጣሉ በፊት ለሳይንስ ተማሪዎች ያስረክብልን። ዕቃው ከየት እንደ መጣና ስንት ዓመት እንዳገለገለ በቍራጭ ወረቀት ጽፎ ቢያያይዝልን ደግሞ ምስጋናችን እጥፍ ይሆናል። አጥቦ ቢያመጣልን ደስ ይለናል፤ ባያጥበውም እንቀበላለን።